የአሥራ ሁለት ከአሥሩ አውቶቡስ ይመለስልን

ለከተማው የአውቶቡሶች ስምሪት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር ሙዛፋር ሆሺሞቭ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ በቤሂዞር ሰፈር በኩል ወደ ሆስፒታል ይሄድ የነበረው የ14 ቁጥር የማለዳ አውቶቡስ እንዲመለስና በእኔ ጥፋት የተመዘገቡ ሃያ ሦስት መንገደኞች እንዲሰረዙ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አቤቱታ በበደል ይጀምራል፤ የእኔ ግን በኃፍረት ይጀምራል። ባለፈው ወር ከፌርማታችን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ተሳፈሩ ተብለው የተመዘገቡት ሃያ ሦስት አዛውንት አልተሳፈሩም። የሁሉንም የአውቶቡስ ካርድ ማንበቢያው ላይ ያስነካሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በሴቶች መጽሔት ላይ የሰው ጓዳ ስጽፍ ኖሬ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ የራሴን ጉድ በማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

1. ባለቤቴ ኢስሞይል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል እየሄደ የኩላሊት እጥበት ይደረግለታል። ተራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን አልጋው ላይ ሌላ በሽተኛ ስለሚተኛ፣ የዘገየ ሰው የዘገየበት ከእጥበቱ ይቀነስበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ በአሥራ ሁለት ከአሥሩ አውቶቡስ ስንመላለስ አንድም ቀን አርፍደን አናውቅም።

2. በሴፕቴምበር መጀመሪያ ጽሕፈት ቤትዎ አውቶቡሶቹን የሚያሰማራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስገባ። ዛሬ በየፌርማታው ስንት ሰው እንደተሳፈረ ከካርድ ይቆጥራል፣ ነገ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ይተነብያል፣ አውቶቡሱንም ሰው ወዳለበት ይልካል ተባለ። መልካም ነው አልን። በሁለተኛው ሳምንት የእኛ የማለዳ አውቶቡስ ወደ አዲሱ ገበያ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው የሚመጣልን አንድ ከአርባ ላይ ነው።

3. ለመጠየቅ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ኒጎራ የምትባል ወጣት ኢንጂነር ሻይ ቀድታ፣ ወንበር ስባ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በፌርማታችን ስም ትይዩ፣ በአሥራ ሁለት ከአሥር፣ ዜሮ ይላል። አንዳንድ ቀን አንድ።

«ኦፓ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሰው እኮ የለም» አለችኝ፤ እኔን የምታህል ሴት ፊቷ ተቀምጣ።

ሰውስ ነበር። ሆስፒታል ወረፋ የሚይዘው፣ ወተት ገበያ የሚደርሰው ተደምሮ ከአሥራ አምስት አንሰን አናውቅም። ግን ክቡርነትዎም የዚህ አገር ልጅ ነዎት። ጡረተኛ በነፃ ቢሳፈርም እንዲቆጠር ካርዱን ማስነካት አለበት። ሾፌራችን ቶይር ደግሞ አስተዳደጉ ሆነና አዛውንት ሲገባ የካርድ ማንበቢያውን በባለጥልፉ ቆቡ ይሸፍነዋል። «ከእናት ካርድ አይጠየቅም፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይላል። እኛም መርቀነው እንቀመጣለን። የእኔ ካርድ እንዳይጠፋ በመሐረብ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ፣ ከቀለበቴ ጋር ነበር። እንዲህ ስንከባበር ከቁጥር ወጣን።

4. ከቢሮዎ እንደተመለስኩ ከቤት ቤት እየዞርኩ «ካርዳችሁን አስነኩ» አልኩ። ታዲያ በየትኛው አውቶቡስ? ያለው የአንድ ከአርባው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት የሆስፒታሉ ወረፋ ተይዞ አልቋል፣ ወተቱም ተሸጧል። ጎረቤቴ ሳልታናት «ለዚህ ብዬ ይሄን ጉልበት አላንከራትተውም፤ የእኔንም አንቺው አስነኪልኝ» አለችኝ። ሠርግ መሄድ ያቃታትን ሴት ስጦታ ይዞ መሄድ በእኛ ሰፈር ወግ ነው፤ ካርዱም እንደዚያው መሰለኝ። እሷን ያየች ሌላዋ ሰጠችኝ፤ ባሎቻቸውም አስከተሉ። የኢስሞይል ቆብ በሃያ ሦስት ካርድ ሞላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ገብቼ ሁሉንም አንድ በአንድ አስነክቼ፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ፣ በእግሬ ተመለስኩ። አሁን በዚያ ሰዓት የሚነዳው ቶይር ቆቡን አንስቶልኝ «ኦፓ፣ የማን ሠርግ ነው ዛሬ?» ይለኝ ነበር።

ፕሮግራሙም ሰማን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከአርባ ላይ ሁለት አውቶቡስ ላከልን። ተከታትለው ይመጣሉ፣ ተከታትለው ባዷቸውን ይሄዳሉ። የአሥራ ሁለት ከአሥሩ ግን ዝር አላለም። ኒጎራ ደስ ብሏት ደወለችልኝ። «ሰፈራችሁ እኮ አደገ፣ ኦፓ» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ አመሰግናለሁ አልኩ።

5. ባለቤቴ አሁን የሚሄደው በጎረቤት የሽንኩርት መኪና፣ ጭነው እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ ጆንያ ተደግፎ ነው። ታክሲ በዚያ ሰዓት ወደ ጠባቡ መንገዳችን አይገባም፤ ተራው እንዲለወጥለትም ለምኜ ሌላው ሁሉ ሞልቷል ተብያለሁ። ዓርብ ዕለት ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ። የሳምንቱ ሲደመር ሁለት ሰዓት ተኩል ጎደለበት። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው በዚህ ብርድ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው። እኔ ስብሰለሰል ሲያየኝ «ተይው ሙካራም፣ ግማሽ የታጠበ ሸሚዝም ይለበሳል» ይለኛል። አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ኢስሞይል የሚቀልደው ሲፈራ ብቻ ነው።

6. ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል፤ ላሳጥረው። ፕሮግራሙን አልወቅሰውም፤ የነገርነውን አመነ። በአክብሮት ዝም ስንል ዜሮ ሆንን፣ ስንዋሽ ሃያ ሦስት። ነገር ግን በማይመጣ አውቶቡስ ላይ ካርድ የሚያስነካ ሰው የለም። በአሥራ ሁለት ከአሥር ማን እንደሚጠብቅ ሊያውቅ የሚችለው በአሥራ ሁለት ከአሥር እዚያ የቆመ ሰው ነው።

ስለዚህ ሃያ ሦስቱ ከመዝገቡ እንዲሰረዙ፣ ባዷቸውን ከሚመላለሱት ሁለት አውቶቡሶች አንዱ ለአንድ ወር ለሙከራ ወደ ቀድሞ ሰዓቱ እንዲመለስ፣ ኒጎራም ሆነች ሌላ ሰው መጥቶ በዓይኑ እንዲቆጥረን በትሕትና እለምናለሁ። ቶይር ስለ ቆቡ እንዳይቀጣብኝ። ቅጣት ካለ ስሜ ከታች ተጽፏል።

ካርዶቹን ለየባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። ከነገ ወዲያ ረቡዕ፣ አውቶቡስ ኖረም አልኖረም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም የየራሳችንን ካርድ ይዘን ፌርማታው ላይ እንቆማለን። ሳልታናት እንኳ በምርኩዝ እመጣለሁ ብላለች። ኢስሞይል የሽንኩርት መኪናው እስኪደርስ አብሮን ይቆማል። ስንት እንደነበርን፣ እሱ በምን እንደሄደና ስንት ሰዓት እንደደረሰ ሐሙስ ጠዋት ራሴ ቢሮዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ። በዚህኛው ቁጥር ላይ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ከአክብሮትና ከደከመች ሴት ሰላምታ ጋር፣

ሙካራም ዮልዶሼቫ
ቤሂዞር ሰፈር፣ ከፌርማታው ፊት ለፊት፣ አረንጓዴው በር
(ፊርማ)