የመኪናህ ግንባር

ውድ ወንድሜ ኦሊቃ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አካም ጂርታ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? የባለቤትህ የሃዊ ጉልበት ተሻላት ወይ? ልጃችሁ ጉዲቱ ትምህርቷን እንዴት ያዘችው? «ሁሉም ደህና ነው» ብለህ እንደምትመልስ አውቃለሁ፤ በስልክም የምትለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ስለ ወገብህ በጠየቅኩህ ቁጥር ካሜራውን ወደ ላይ ስለምታዞረው፣ እኔ የማውቀው የጣሪያችሁን ጤንነት እንጂ ያንተን አይደለም።

እኛ በጌታ ቸርነት አለን። እማዬ ደህና ናት፤ ግፊቷን በመድኃኒት ይዛዋለች። ታናሽህ ጋሮምሳ እንደ ልማዱ ነው፤ ይህን ጤና ካልነው ጤነኛ ነው። ሌንሳ ደህና ናት ለማለት ግን እጄ ይከብደኛል፤ የዚህ ደብዳቤ ነገርም እሱ ነው። ነፋሱን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ጥቅምት ገብቷል፤ የጎረቤት አቧራ እኛ ቤት፣ የእኛም እነሱ ቤት ያድራል።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። አንተ ስትደውል ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ እማዬ ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው። የቤተሰቡን ቴሌግራም ደግሞ የሁሩታ ዘመድ ሁሉ ያነበዋል፤ የማያነቡትም ተነቦላቸው ያለቅሳሉ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ያ እናንተ ጋ የሚሠራው ፈቃዱ እረፍቱን ጨርሶ ወደ አቡዳቢ ሲመለስ እንዲያደርስልህ ልሰጠው ነው። ፖስታውን በሙጫ ካሸግኩ በኋላ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀዋለሁ። ፈቃዱ ታማኝ ሰው ነው። ፕላስተሩ ተነስቶ ካገኘኸው ግን አሳውቀኝ።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ነጋዴ በቪዲዮ እያሳየህ የገዛኸው ቀይ ስፖርት መኪና ግቢያችን ከገባ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቁመቱ ወገቤ ጋ ነው፤ ሰው ይገባበታል ከማለት ይወድቅበታል ማለት ይቀላል። የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ለእኛ ቤተሰብ የማን ተራ ነው እያሉ ለመጣላት ካልሆነ ለምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። አንተ ግን ቀለሙን ጠጠር እንዳይበላው ፊቱ በሙሉ ግልጽ ላስቲክ ይልበስ ብለህ አዘዝክ። በዚህ እንኳ አልተገረምኩም። በእኛ ሰፈር ሰው ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን ሳያነሳ ልጅ ይድራል።

ሥራውን ለማናሴ ሰጠኸው። ወንጂ መውጫ ላይ ዲኮር ቤት ያለው፣ የባጃጅ ወንበር ከማልበስ ተነስቶ የትልልቅ ሰዎችን መኪና እስከመንካት የደረሰው ማናሴ፤ ሌንሳን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ የተሰናዳውም እሱ ነው። «ዘመድ ሊሆነን አይደል፤ እስቲ ሥራውን እንየው» አልክ። ግን መኪናው አንድም ቀን እሱ ጋ እንዳያድር፣ ሥራውም እኛ ግቢ እንዲሠራ አስጠነቀቅክ። ይህችን ማስጠንቀቂያህን እንዳትረሳት፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ አጎታችን ኦቦ መርጋ እንዲያዩት መኪናው አንድ ጊዜ ሁሩታ እንዲሄድ ፈቀድክ። ጋሮምሳ ነዳው። ኦቦ መርጋ ዞረው ዞረው አዩትና ኋላ ሰው የሚቀመጠው በየት በኩል ነው ብለው ጠየቁ። ኋላ ወንበር የለውም ሲባሉ «እንግዲያው ገና አላለቀም» አሉ። ሲመለስ፣ መንገዱ በሚጠገንበት ቦታ፣ ሸራ ያልለበሰ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ከፊቱ ገባ። ቀሪውን ጋሮምሳ ፎቶ አንስቶ ለመላው ዘር ስለበተነው አይተኸዋል። ከፊት የፓራውልቱ፣ ከጎማው በላይ ደግሞ የፓራፋንጎው ላስቲክ ጠጠሩን ተቀብሎ መልሶታል። ኮፈኑ ላይ ግን፣ ልክ ግንባሩ መሃል፣ ላስቲኩ እንደተቃጠለ ቆዳ አብጦ ተቀዷል፤ ከሥሩ ያለውን ቀይ ቀለም ጠጠሩ ቆንጥሮ ቆንጥሮ ነጩን አውጥቶታል።

በዚያው ምሽት ደወልክ። «የማይረባ ላስቲክ ለጥፎ የውዱን ዋጋ ተቀበለኝ። በመኪናዬ ያጭበረበረ በእህቴ አያጭበረብርም?» አልክ። ሽማግሌዎቹም እንዳይመጡ አስነገርክ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያንተ ቃል የቤቱ ቃል ነውና ሌንሳ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሰሃን ስታጥብ ድምፁ ከዋናው መንገድ ይሰማል። ለእኔ ደግሞ «አያንቱ፣ አንቺ መቼም ሰው አታምኚም፤ አጣሪልኝ» አልከኝ። ሃያ ዓመት በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ «መጽሐፉን መልሼዋለሁ» የሚሉ ሰዎችን ሳዳምጥ የኖርኩ ነኝና ሹመቱን ተቀበልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጋሮምሳን ነው፤ እሱን መጠርጠር ከልጅነት የለመድነው ስለሆነ ድካም የለውም። ከሲኖትራኩ ኋላ ምን ያህል ተጠግተህ ነበር አልኩት። «እኔ አልተጠጋሁም፤ እሱ ነው ወደ ኋላ የቀረው» አለኝ። ደግሞ «እህቴ፣ እኔ እዚያ መኪና ውስጥ ማስቲካ እንኳ አላኘክሁም፤ ኦሊቃ በመስታወቱ የሚያየኝ እየመሰለኝ አንገቴ ደርቆ ነው የመጣሁት» አለ። አመንኩት ማለት አይደለም፤ ለጊዜው ወደ ጎን አደረግኩት።

ወደ ማናሴ ሄድኩ። መንገድ ላይ የሚለኝን ሁሉ አስቤ መልሱን አዘጋጅቻለሁ፤ መንገዱን ይከሳል፣ ሲኖትራኩን ይከሳል፣ ፋብሪካውን ይከሳል፣ ሲጨንቀው ጋሮምሳን ይከሳል። ማናሴ ግን ወንበር በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠኝና «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ አያንቱ። ኮፈኑን በደንብ አላጸዳሁትም። አንስቼ በራሴ ወጪ እሠራዋለሁ» አለኝ። ኦሊቃ፣ በዚህ ከተማ ልብስ ሰፊው ጨርቁ ነው ይላል፤ ላሜራ ሠሪው መንገዱ ነው ይላል፤ ሐኪሙ እንኳ ዘግይታችሁ አምጥታችሁት ነው ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ባለሙያ በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም። የባሰ ነገር እንደደበቀ ወዲያው ገባኝ።

ላስቲኩን አሳየኝ አልኩት፤ ጥቅሉን አወጣ። ኮፈኑም፣ ፓራውልቱም፣ ፓራፋንጎውም የለበሱት ከዚያው ከአንዱ ጥቅል ተቆርጦ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ሲቆርጠው ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። እንግዲህ ላስቲኩ የማይረባ ቢሆን ሁሉም ጋ በተነሳ ነበር። ታዲያ ምኑን ነው ያላጸዳኸው ብዬ ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ «አቧራ ነው» አለኝ። ከኮፈኑ ተቀዶ የወጣውን ቁራጭ ለማስረጃ ተቀብዬው ወጣሁ። ሲሸኘኝ ሁለት ጊዜ «ይቅርታ» አለ። ሁለተኛው ይቅርታ የበለጠ አስጠረጠረኝ።

ቤት ገብቼ ቁራጩን መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ፀሐይ አርፋበት ሞቅ ሲል ሽታ መጣ። አቧራ ደግሞ አይሸትም። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ ለጋ ቅቤ ነው። ጋሮምሳ ቅቤ አይቀባም፤ ፀጉርም የለውም። ማናሴ የሚሠራው በሳሙና ውኃ ነው። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ሳለ እማዬ ገባች፤ ላስቲኩን አየች፤ ልትወጣ ዞረች፤ ከዚያ ሀሳቧን ቀየረችና መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ሳምንቱን በሙሉ የመኪናው ነገር በተነሳ ቁጥር ድስት ልታይ ትነሳ እንደነበር ያን ጊዜ ታወሰኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እሳት ላይ ድስት አልነበረም።

እማዬ በቤተ ክርስቲያን የእናቶች ጸሎት መሪ እንደሆነች ታውቃለህ። ቅቤና ለምለም ሣር ይዞ መመረቅ የድሮ ልማድ ነው፣ ትተነዋል ብላ ሌሎቹን የምታስተምር እሷ ናት። እንዲህ ነው ያለችኝ፤ ቃሏን ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ። «ማናሴ ያን ለት አጥቦ አድርቆ ሊለጥፍ ሲል መብራት ሄደበት። ሙቅ አየር በሚነፋ ፎን እያሞቀ ነው የሚያለብሰው፤ ጠዋት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ሲነጋጋ ለጸሎት ስነሳ መኪናው ግቢው መሃል ብቻውን ቆሟል። ኦሊቃ በየዓመቱ እመጣለሁ ይለኛል። ፍሪጅ መጣ፤ ቴሌቪዥን መጣ፤ አሁን ደግሞ መኪናው መጣ። እናቴ ከሩቅ የመጣ ልጅ ግንባሩን ቅቤ ሳትቀባ ከደጅ አታሳልፍም ነበር። እኔ የምቀባው ግንባር አጣሁ። እሱኑ ቀባሁት።»

መርማሪ ልቦለዶች ላይ አጥፊው ሲገኝ መርማሪው ደስ ይለዋል። እኔ ላስቲኩን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እማዬ ማናሴ ቅቤውን ያላየው መስሏት ነበር የኖረችው። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ብናገር እነዚያ እናቶች ፊት በምን አፌ እጸልያለሁ ብላ ፈራች፤ ሌንሳን ስታይ ደግሞ ምግብ አልወርድ አላት።

በማግስቱ ማናሴ ጋ ተመለስኩና ቅቤውን አይተኸዋል አይደል አልኩት። መጥረጊያውን አስቀመጠ። «ሁለት ዘለላ ሰርዶም ነበረበት» አለኝ። በሳሙና ደጋግሞ አጥቦታል፤ ጠንከር ያለ ነገር እንዳይጠቀም ለቀለሙ ፈራ፤ የለቀቀ መስሎት አለበሰው። ለምን አልተናገርክም ስለው «ለማን? ለኦሊቃ 'እናትህ መኪናህን ቅቤ ቀብተውታል' ልበለው? እማማ እኮ እሁድ ሰው ፊት ይቆማሉ። የእኔ ሥራ ነው፤ ሥራ ይታደሳል» አለ። ሽማግሌውስ ቢቀር አልኩት። መጥረጊያውን መልሶ አነሳና «ሌንሳ ታውቃለች። እማማን እንዳታጋልጥ አደራ ያለችኝ እሷ ናት» አለኝ። ሰሃኑ ለምን እንደሚደበደብ አሁን ገባህ? እማዬ ታውቃለች፣ ሌንሳ ታውቃለች፣ ማናሴ ያውቃል፤ ያላወቀው መርማሪው ብቻ ነበር።

ማናሴ ጨዋ ይሁን ብልጥ እስካሁን አልለየሁም። ወደ ቤታችን የሚገባው በእማዬ በኩል እንደሆነ የማያውቅ ሞኝ አይደለም። ግን ስሙ በዘመድ ሁሉ ፊት ሲጠፋ አንዲት ቃል ቢናገር ይድን ነበር፤ አልተናገረም። ይህ ብልጠት ከሆነ እንዲህ ያለ ብልጠት ያለው ባል ለእህታችን ይስጣት።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያህ ልመለስ። መኪናውን ማናሴ ጋ ብታሳድረው ኖሮ የእማዬ እጅ አይደርስበትም ነበር። ላስቲኩ የተነሳው ሰውየውን ስላላመንከው ነው።

ሹመቴ ስላላለቀ አንድ የቀረ ሰው መርምሬያለሁ፤ አንተን። ስለ ኮፈኑ ጠይቀኸኛል፤ ስለ ፓራውልቱ፣ ስለ ጠጠሩ ስፋት፣ ቀለሙ የተነሳው ከላይ ብቻ ይሁን ወይስ እስከ ላሜራው ድረስ ጠይቀኸኛል። ሌንሳ እንዴት ሆነች ብለህ ግን አልጠየቅክም። እህቱን የሚድር ታላቅ ወንድም አገር ቤት ገብቶ፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መመረቅ አለበት። እናም የምጠረጥረው ይህን ነው፤ ያን የተቀደደ ላስቲክ ስታይ ከንዴትህ ጋር ትንሽ እፎይታም ተሰምቶህ ነበር። ሠርግ ከሌለ መምጣት የለም። ለምን መምጣት እንደምትፈራ አላውቅም፤ ወገብህ ይሁን፣ ሥራህ ይሁን፣ ከእኛ የደበቅከው ሌላ ነገር ይሁን። የተሳሳትኩ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ነገ እሁድ ነው። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ኑ ብዬ የላክሁባቸው እኔ ነኝ። ኦቦ መርጋም ከሁሩታ ይመጣሉ፤ እንደ ወጉ ታላቅ ወንድሟ ምን ይላል ብለው ይጠይቃሉ። እኔ እነሳና «ኦሊቃ ፈቅዷል» እላለሁ። ፈቃዱ የሚበረው ሰኞ ነው፤ ደብዳቤውን በእሱ የላክሁትም ለዚሁ ነው። ይህን ስታነብ ፈቅደሃል ማለት ነው። አያንቱ ዋሽታለች የምትል ከሆነ በስልክ አይሰማህም፤ ኦቦ መርጋ እነዚያው ሽማግሌዎች ባሉበት ካልሆነ ቃል አይቀበሉም። መጥተህ በአካል መናገር ይኖርብሃል። ለማስተባበል የመጣን ልጅ እማዬ ለሠርግ ከመጣ ለይታ አታየውም።

ስለ ቅቤው ለእማዬ አንዳች አትንገራት፤ ድምፅ ማጉያው ክፍት ነው። ማናሴ ኮፈኑን ሰኞ ይጀምራል፤ ይህን ጊዜ የሚሠራው እሱ ዘንድ ነው፣ መኪናውም እዚያው ያድራል።

ሃዊን ጉልበትሽን አታድክሚው ብላሻለች በልልኝ። ጉዲቱን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሥዕል መሥሪያ ቤቴ ለጥፌዋለሁ። እማዬ ለእያንዳንዳችሁ በስማችሁ ጸልያለች። ጋሮምሳ ሰላም ብሎሃል፤ መቼ ድጋሚ እነዳለሁ ብሎም ጠይቋል፤ እኔ አልመለስኩለትም። ሌንሳ ስለዚህ ደብዳቤ አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ሰላምታዋ ከሁላችን ይረዝም ነበር።

የማታምንህ ግን የምትወድህ እህትህ
አያንቱ

አዳማ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.