«ትርፍ» የተባሉት እጆች

ሄድቪካዬ፣

ከክራኮቭ በንዴት ነው የምጽፍልሽ። እንቅልፍንና ሕልምን በፎቶ የምታሳየው ካዚሚራ ዛሬ ኤግዚቢሽኗን ከፈተች። ዋናው ፎቶ እናቷ ከመሞታቸው በፊት የተኙት የመጨረሻ እንቅልፍ ነው፤ የካሜራውን ዓይን ለአንድ ፎቶ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ከፍታ ስለተወችው፣ እናትየው በተገላበጡ ቁጥር አዲስ እጅ እየታየ፣ በሰባት እጅ አየር ላይ የሚዋኙ መስለው ወጥተዋል።

ፎቶውን አሳድጎ እንዲያትም የታዘዘው ሰው ግን ሁለት እጅ ብቻ ያላቸውን ሴት ይዞ ከች አለ። «እመቤቴ፣ ትርፎቹን በኮምፒውተር አጥፍቼልዎታለሁ!» ይላል፣ ምስጋና እየጠበቀ።

«የእናቴን እጅ ነው ትርፍ ያልከው?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ እኮ ነው!»

የአዳራሹ ኃላፊ ይባስ ብሎ ፎቶውን እያሰቀለ «ተይው ካዚሚራ፣ እንዲህም ያምራል» አይላት መሰለሽ! በእኛ ከተማ በኦሎሞውክ ጫማ ጠጋኝ እንኳ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ቀዳዳ አይደፍንም።

ካዚሚራ ትልቁን ፎቶ አወረደችና፣ ራሷ ለሙከራ ያተመቻትን፣ ሰባቱም እጆች ያሉባትን፣ መዳፍ የምታህል ፎቶ ባዶው ግድግዳ ላይ በስፒል ሰካቻት። እንግዳው ሁሉ ወይኑን እያስቀመጠ አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋ። ኃላፊው «አዋረድሽን!» ብሎ ሲጮህ፣ አንዲት ባልቴት ዞር ብለው «ቀስ በል ልጄ፣ ተኝተዋል እኮ» አሉት።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ንዴቴ ገና ነው። ያሮስላቭንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

ቦዤና