ቫይታሚኑ የሙሽሪት አይደለም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት አስቻለሽ? አባዬ ተረከዙ ለዘብ አለለት? ወንድሜስ ሥራው እንዴት ነው? ዛሬ ከሁላችሁም አብልጬ ደኅንነቷን የምጠይቀው ግን ሚስቱን፣ ካገባች ሦስት ዓመት ቢሆናትም ሙሽሪት የምንላትን ነው። እኔ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ።

እማዬ፣ ትናንት በስልክ የጮኽኩብሽን ይቅር በዪኝ። ግን እስቲ አንቺው ፍረጂ። ሦስት ቅባት ላክሁ፤ አንዱ ላንቺ ፊት፣ አንዱ ለአባዬ ተረከዝ፣ አንዱ ለሁላችሁም እጅ። አንቺ ሦስቱንም እየጨለፍሽ በማርና በማርማላታ ብልቃጥ ገለበጥሽ፣ ለጎረቤት አካፈልሽ፣ ባዶዎቹን ደግሞ ያምራሉ ብለሽ ቡፌው ላይ ደረደርሽ። ጽሑፉ ቡፌ ላይ፣ ቅባቱ ጓዳ! መቼም ጎረቤት ያልደረሰው ነገር ላንቺ ነገር አይደለም።

የእኔ ሥራ መድኃኒት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ካርቶን እየከፈቱ ዕቃ መደርደር ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው የብልቃጥ ጀርባ ነው፤ ፊቱማ ውሸታም ነው። ፊት ለፊት ትልቅ ጽጌረዳ ይሥሉልሻል፤ ገልብጠሽ ስታነቢ ጽጌረዳዋን ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ከሽቶው አጠገብ ተወሽቃ ታገኛታለሽ። የሚጻፈው በብዛት የገባው ቀድሞ ነው፤ ቀዳሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ግሊሰሪን የሚለው የእጁ ነው፣ እርጥበት ይዞ ያቆያል። ዩሪያ የበዛበት የአባዬ ነው፣ የደደረ ቆዳ ያለሰልሳል። አባዬ ሁለት ወር ሙሉ የእጅ ቅባት ተረከዙ ላይ ሲለቀልቅ ከርሞ የውጭ ዕቃም ወሬ ብቻ ነው አለ አሉ። ምን ያድርግ! የእሱን ድርሻ ጎረቤታችን ባለሱቋ ፊቷን ተቀብታው ስትለበለብ ከረመች።

ያንቺው ሬቲኖል የሚሉት አለበት። የቫይታሚን ኤ ዘር ነው፣ የፊት መሥመር ያሳሳል። እርጉዝ ሴት አትቀባውም፤ ቡፌሽ ላይ ያስቀመጥሽው ባዶ ዕቃ ጀርባው ላይ ይህንኑ ይላል።

ሙሽሪት ማርገዟን የሰማሁት ትናንት፣ ያውም በቅባት ሰበብ ነው። ቫይታሚን ነው ስላልሽኝ ለእሷ ሰጠኋት፣ ሆዷን ትቀባዋለች፣ ለልጁም ይተርፋል ስትዪኝ ነው የያዝኩትን ካርቶን ጥዬ የጮኽኩብሽ። አምስት ወር! አምና ሲጨነግፍባት ከእናንተ እኩል አላለቀስኩም? እስኪጠና ብለን ነው አልሽኝ። ከባዳ ይደበቃል፣ ከእኔም? አንዲት ቃል ብትተነፍሱልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ደግሞም ቫይታሚን አለው ያልኩሽ እኔው ነኝ። ማስረዳቱ ታከተኝና፣ ቫይታሚን ስላት ደስ ይላታል ብዬ በአጭሩ ቀጨሁት። የንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

ፋርማሲስቷን ጠየቅኋት። በቆዳ የሚገባው ጥቂት ነው፣ አትሸበሩ፣ ግን ከዛሬ ጀምራ ታቁም፣ ለሚከታተላት ሐኪምም ዕቃውን ታሳየው አለችኝ። አንቺም በስልክ እሺ ብለሻል። ያንቺን እሺ ግን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ነገር አይጣልም ብለሽ ከአልጋ ሥር ትሸሽጊዋለሽ። ስለዚህ ነገ ወደ አገር ቤት ለምትሳፈረው ባልደረባዬ ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ያንብበው። እስካሁን ካልሄዱ፣ ወንድሜ ሬቲኖል የሚለውን ባዶ ዕቃ ከቡፌው አውርዶ፣ ሙሽሪትን ይዞ ይህ በተነበበበት ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በማሩ ብልቃጥ የቀረውን የሙሽሪትን ቅባት አባዬ እያየሽ ድፊው።

ባለሱቋን ይቅርታ በዪልኝ። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ እሱም ደብቆኛል። ሙሽሪትን እንዳትቆጫት፤ የሰጠሻትን ተቀባች እንጂ ምን አጠፋች? ሆዷ ላይ እጅሽን፣ ምንም ያልነካ ባዶ እጅሽን አሳርፊና፣ አክስትህ ዘግይታ ሰማች፣ ግን ሰምታለች በዪልኝ።

የተቆጣችው ልጅሽ፣
ከመድኃኒት ቤቱ ምድር ቤት፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር ፱ ቀን