ተቀምጦ ሩጫ የለም

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁሽ ለታናሽ እህቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ እንደኔው እየረገምሽው ነው የምትቀቢው? ባልሽስ፣ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ በቤትሽ ውስጥ የሚተነፍሰው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከወገቤና ከልጄ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። የወገቤ ነገር ዕድሜ ነው። የልጄ ነገር ግን ግማሹ ያንቺ እጅ አለበት፤ እሱን ልነግርሽ ነው ይህን የማስጽፈው።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ። የዛሬው ስለ እሷ ስለሆነ፣ ጡረታ የወጣውን ጎረቤታችንን አስተማሪውን ከሱቄ ፊት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጬ እያስጻፍኩት ነው። ንግግሬን ሊያለዝብብኝ ይሞክራል። የተናገርኩትን እንዳለ ጻፍ፣ ማለዘብ ብፈልግማ ጎማ ትቼ ጥጥ እነግድ ነበር ብዬዋለሁ።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቴን የያዘችልኝ ይህችው የመጨረሻዋ ልጄ ነች። በአውቶቡስ ጋራዡ መካኒክ ሆና ስትቀጠር ኮርቻለሁ፤ ደብቄ አላውቅም። ከዚያ ግን እሑድ እሑድ ከጓደኞቿ ጋር፣ ከአምስት መኪና ሬሳ የገጣጠሟትን አንዲት መኪና ይዘው፣ አውሮፕላን የማያርፍበት አሮጌ ሜዳ ላይ መሽቀዳደም ጀመረች። ያልፍላታል ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በርቺ የኔ ጀግና ብለሽ የራስ ቁር ላክሽላት! አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ምነው መጀመሪያ እኔን ብትጠይቂ?

አርባ ዓመት ጎሚስታ ነኝ። በዚህ መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ሁሉ ጎማው እኔ ዘንድ ይመጣል። ጎማው ደህና ሆኖ ሰውየው የሌለበትን ስንቱን ፈትቻለሁ። ይህን ለልጅ አውርተሽ አታስረጂም። ስለዚህ ያ ነገር ስፖርት አይደለም፣ መኪናይቱንም ዓይኔ አያያትም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። ከተናገረች ደግሞ የባሰ ነው። አባባ መባሉ ቀረና “እርስዎ” ሆንኩ። “ውሃው ሞቆልዎታል” ትለኛለች፣ በገዛ ቤቴ እንደ መጣ ግብር ሰብሳቢ።

በዚህ ላይ ልጆቹ ለክበባችን ማመልከቻ አስገቡ። የትራንስፖርት ሠራተኞች ስፖርት ክበብ፣ ስንመሠርተው ሩጫ፣ መረብ ኳስና ገመድ ጉተታ ነበረው፤ ገመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመኪና ውድድርም እንደ አንድ ስፖርት ይመዝገብልን አሉ። የክበቡ ማኅተም ካላረፈበት በሚመጣው ወር ወደሚደረገው ትልቅ ውድድር አይገቡም። የሚወስኑት መሥራቾቹ ናቸው። እንግዲህ እጄ ላይ ወደቁ አልኩ።

ባለፈው እሑድ ተሰበሰብን። ልጄ ከኋላ ከጓደኞቿ ጋር ቆማለች። እኔ ተነሣሁና፣ ስፖርት ማለት የሰው ላብ ነው፣ ተቀምጦ ሩጫ የለም፣ የሚሮጠው ሞተሩ ነው፣ እንግዲያስ ለሞተሩ ሜዳሊያ አንጠልጥሉለት አልኳቸው። መሪ ጨብጦ መሄድ ስፖርት ከሆነ የአውቶቡስ ሾፌር ሁሉ ዋንጫ ይገባዋል ስል፣ ያ ቀዝቃዛው የምንለው ሾፌር ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ ይገባናል እንጂ፣ ሃያ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነው አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ እጇን አወጣችና፣ ፈረስ ግልቢያስ፣ የሚሮጠው ፈረሱ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። ፈረስ ነፍስ አለው፣ ጋላቢው ሲያጠፋ ይጥለዋል እንጂ ይዞት አይቃጠልም አልኳት። የጋራዡ ክሊኒክ ነርስ ደግሞ ተነሥታ፣ ከውድድር ሲወርዱ የልባቸውን ምት ለክቻለሁ፣ ከሯጭ አይተናነስም አለች። ልብማ በፍርሃትም ይመታል፣ ውሻ ያባረረው ሰው ሁሉ ስፖርተኛ ነው ወይ አልኳት። እህቴ፣ ያጨበጨቡትን ጭብጨባ ብትሰሚ! ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ወለል ላይ መቱልኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከአስተማሪው በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተዘርግቷል፤ አንዱ የሚቃወም፣ አንዱ የሚደግፍ ምልክት የሚያደርግበት ነው። መቼም የማታውቂኝ አይደለሁም፤ ፊደል እኔን አያውቀኝም፣ እኔም እሱን። አንደኛው ወረቀት ላይ ሦስት ምልክት ብቻ አለ፤ ሌላኛው ላይ ፊርማውና የጣት አሻራው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ይህን ሁሉ ሰው ያሳመንኩት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁና፣ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ከሚበዛው ላይ ጫንኩ። የቱ የቱ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ያን ያህል ተጨብጭቦልኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ለካስ ያጨበጨቡት ለአነጋገሬ ነው፤ ምልክታቸውን ያኖሩት ለልጆቹ ነው። እነዚህ ከሃዲዎች! ቀዝቃዛው መጥቶ ትከሻዬን እየደበደበ፣ ይውጣልህ ብለን ነው ዝም ያልንህ፣ ልብህንማ እናውቀው የለ አለኝ። ዞር ስል ልጄ ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። “አባባ፣ አንተ እኮ!” አለችኝ። ተሳስቼ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንባዋ ሸሚዜ ውስጥ ሲገባ መልሼ ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት የክበቡን ጸሐፊ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ምልክቱን ማንሣት ይችላል ወይ አልኳት። እስከ ዓርብ ይችላል፣ ማነው ሰውየው አለችኝ። አንድ ሰው ነው አልኩና ወጣሁ። ማክሰኞ እነግራታለሁ አልኩ። ማክሰኞ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ እራቷን እየበላች የሁለት ወር ወሬ በአንድ ጊዜ ታወርድብኝ ጀመር፤ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ረቡዕ መኪናይቱን ከግቢያችን አውጥታ ሱቄ በር ላይ አቆመችና፣ አባባ፣ አሁን ከፈቀድክ ጎማዎቿን እይልኝ አለችኝ። ክሪኩን አስገብቼ አነሣኋት። ሦስቱ ደህና ናቸው። የኋላውን ግራ ፈትቼ ከውስጥ በኩል እጄን ሳዞርበት፣ እንቁላል የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ስንት ጊዜ ሮጣችሁበታል ስላት፣ ሦስት እሑድ አለች፣ እንደ ዋዛ። ክሪኩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሦስት እሑድ እኔ ምን ስሠራ ነበር? ሃያ እርምጃ ርቃ በግቢያችን ቆማ ስታድር ዓይኔ አያያትም እያልኩ፣ እዚሁ ተቀምጬ ከአስተማሪው ጋር ስፖርት ነው አይደለም ስከራከር ነበር። ይህን እብጠት በዚህ ከተማ ከእኔ ቀድሞ የሚያገኘው እጅ የለም። እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጎማውን በቢላ ሰንጥቄ ጓደኞቿን አስጠርቼ ሽቦው የት ላይ እንደተበጠሰ አሳየኋቸው። የሰደብኳቸውን ስድብ አስተማሪው አልጽፍም ብሏል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሻጩ አዲስ ነው ብሎን ነበር ሲለኝ፣ ሻጩ አይነዳትማ አልኩት። ልጄ እጇን ትከሻዬ ላይ ልታሳርፍ ስትዘረጋ መዳፏን አየሁት። ከመሪው የተነሣ ቆስሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና ቆስሏል። የኔ መዳፍ ነው፤ በልጅ እጅ ላይ።

ይህን ሰምተሽ ረታሁት ብለሽ እንዳትደሰቺ። ስፖርት አይደለም ብያለሁ፤ አይደለም። መዳፍ የሚያቆስል ነገር ሁሉ ስፖርት ከሆነ የኔ ግድግዳ በዋንጫ ተሞልቶ ይታይ ነበር። ሥራ ነው ብትሉኝ እሺ። እብደት ነው ብትሉኝ በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ግን እኔ ምልክቴን ባነሣም ማኅተሙ በሌሎቹ ድምፅ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህች ልጅ ግን መኪናይቱን ወደ እኔ አታመጣም፤ ሌላ ሰው ያሰረላትን ጎማ ይዛ ትሮጣለች፤ እኔም እንደገና “እርስዎ” ሆኜ ቤት እቀመጣለሁ።

ትናንት ዓርብ ነበር። ጸሐፊዋ ወደ ሥራ ስታልፍ ሱቄ በር ላይ ቆም ብላ፣ ያ ሰውዬ ሐሳቡን ቀየረ ወይ አለችኝ። ሰውየው ሥራ በዝቶበታል አልኳት።

ስለ ወረቀቱ የነገርኩሽን ለልጅቱ ብትተነፍሺ ወንድም የለሽም፤ ይህንን አስተማሪው ሁለት ጊዜ እንዲያሰምርበት አድርጌያለሁ። ተያት፣ ፈቅዶልኝ ነው ብላ ትመን። አሁንማ ፈቅጄ የለም ወይ? ደግሞ ካሁን በኋላ ለልጄ ልትልኪ ያሰብሽው ነገር ቢኖር መጀመሪያ በእኔ በኩል ይለፍ።

ባልሽን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ ሲጋራውን ሳይተው ሳሉ ይተወኛል ብሎ እንዳይጠብቅ። ትልቋ ልጅሽን ስሚልኝ፣ መንታዎቹንም አንድ አንድ ጊዜ፤ ለአንዱ በዛለት ብለው እንዳይጣሉ። አማችሽን፣ ያን ዝምተኛውን፣ ሰላም በይው፤ መልስ ባይሰጥም ግድ የለም። አስተማሪውም ሰላም ይልሻል፤ እጄ ዛለ እያለ ነው። ልጄ ደብዳቤ እንደጻፍኩ ስለማታውቅ ሰላምታዋን አልላከችም፤ አንቺ ግን ስትደውይላት ድምፅሽን እንዳትለውጪ። የውድድሩ ቀን አንቺ ጸልዪላት። እኔ ቀድሜያት ሜዳው ላይ እገኛለሁ፤ አራቱም ጎማ ላይ እጄን ሳላዞር አትነሣም።

ታላቅ ወንድምሽ

ከጎማ ሱቄ በር
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን