የድሪያሽ ሁለት ኪሶች

አስቱዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ሦስት ወር አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ብዕር በያዝኩ ቁጥር የሚወጣኝ ስሞታ ብቻ ስለሆነ ነው። ዛሬም ስሞታ ነው፤ ስሚኝ።

ልጃችን ሊያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ይዛ አመሻሽ ላይ ስለምትመለስ፣ ናርዶስን ከትምህርት ቤት የምቀበላት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጅሽ እየዘለለች መጥታ፣ አባባ፣ ለወላጆች በዓል ቲያትር አህያ ሆኛለሁ አለችኝ። የሰው ልጅ ሁሉ አንበሳና ነብር ሆኖ የእኛዋ አህያ። በማግስቱ መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። ፈገግ ብላ፣ ጋሼ፣ እኔ አልመደብኳትም፣ ራሷ እጇን አውጥታ ነው የመረጠችው አለችኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የአንቺ ነው። ከመልካ ጀብዱ አትክልት ጭና የምትመጣዋን አህያ በር ላይ አስቁመሽ፣ ናርዶስን እንደታቀፍሽ አህያዋን የሐብሐብ ልጣጭ ታጎርሺያት ነበር። ደጃፋችንን ጋጣ አደረጋችሁት ስል ሁለታችሁም ትስቁብኝ ነበር። ይኸው ውጤቱ።

አህያ ከሆነችም በወጉ ትሁን ብዬ ተነሳሁ። እህትሽ ከአዲስ አበባ የላከችልሽን ግራጫ ብርድ ልብስ አወጣሁ፤ ድሬዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል ብለን የሳቅንበትን። ልጅቷን በሜትር ለክቼ፣ እንደ ቤት ፕላን ነድፌ ሰፋሁት። ግንባታ ስቆጣጠር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ የተስተካከለ ሥራ አላየሁም። ሊያ ስትገባ ልጅቷን ከነአህያዋ በላብ ርሳ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አገኘቻት። አባዬ፣ በዚህ ሙቀት ልጄን ልትቀቅላት ነው ወይ አለችኝ። ብርድ ልብሱን ከላይዋ ገፍፌ ወረወርኩት። መልስ ሳጣ እንዴት እንደምናደድ ታውቂያለሽ።

ስስ ግራጫ ጨርቅ ፍለጋ ቀፊራ ገበያን ዞርኩት። አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው አበባ አለበት። አንዷ ነጋዴ ጨርቋን ስበረብር ታግሣ ታግሣ፣ አቦ፣ አህያ ግራጫ ብቻ ናት ያለህ ማነው፣ ቡኒውን ውሰድና ቤትህ ግባ አለችኝ። ሳልገዛ ወጣሁ። የመልካ ጀብዱዋ አህያ ቡኒ አይደለችም፤ ናርዶስም አሳምራ ታውቃታለች።

ቤታችን ያለው ስስ ግራጫ ጨርቅ አንድ ብቻ ነው። ሊያ ልብሶችሽን ለችግረኛ እንስጥ ባለች ቁጥር እየተቆጣሁ፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከኪሴ ለይቼ አላውቅም። ከፈትኩትና ሙቀቱ ሲከፋ የምትለብሺውን ያን ሰፊ ቀሚስ፣ ድሪያሽን አወጣሁ። መቀስ አላስነካሁትም። አጥፌ፣ ሰብስቤ፣ በሚፈታ ስፌት ብቻ ያዝኩት። ልክ ሆናት። የቀረው ጆሮ ነበር።

ለጆሮ የሚሆን ቁራጭ አልተረፈም። ያሉት ኪሶችሽ ናቸው። ድሪያ ኪስ ከሌለው ቁልፌን የት ላድርገው ብለሽ፣ ሳትለኪ፣ በዓይንሽ ገምተሽ የለጠፍሻቸው፤ አንዱ ከሌላው በሁለት ጣት የሚበልጠው። ስንት ጊዜ ፈትተሽ አስተካክዪው አልኩሽ። አሁን እኔው ምላጭ ይዤ ልፈታ ተቀመጥኩ። ክሩን እንዴት አድርገሽ ነው የቋጠርሽው? ለጠማማ ኪስ ይህ ሁሉ ቋጠሮ ምን ያደርጋል? አንዱን በጥሼ ወደሚቀጥለው ለመሄድ እጄ እምቢ ይለኝ ጀመር። ናርዶስ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እማማ ትቆጣለች ወይ አለችኝ። አትቆጣም፣ በዚህ ቤት የምቆጣው እኔ ነኝ አልኳት።

ኪሶቹን በካርቶን ወጥሬ ጆሮ አደረግኳቸው። የበዓሉ ቀን መምህርቷ ትልቁ ጆሮ አጎንብሷል ብላ ልትከረክመው መቀስ አነሳች። ወላጅ ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮህኩባት። መቀሱን አስቀመጠች። አንበሳውን ከነብሩ መለየት ያቃተው ሕዝብ፣ አህያዋን ገና ስትገባ አወቃት።

ድሪያሽን አጥቤ፣ ስፌቴን ፈትቼ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ኪሶቹ ግን አልተመለሱም፤ ናርዶስ ጆሮዎቿን አጥልቃ ነው የምትውለው። ድሪያው ፀሐይ ሲያነጣው ኖሮ፣ ኪሶቹ በነበሩበት ቦታ ብቻ ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። እንደማስታውስሽ ቃል ስገባልሽ ታዲያ ሳላስተካክልሽ፣ ከነጠማማው ልክሽ ነው፤ ትልቁ በቀኝ፣ ትንሹ በግራ።