ፌሌቲ እናቱን ያስጠራ ዕለት

ውድ አክስቴ ካሎላይኔ፣

በቀብርዎ ላይ መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ቀረሁ። በቶንጋ ደሴቶቻችን ወግ በአክስት ቀብር የወንድም ልጅ ወደ አስከሬኑ አይቀርብም፤ እኔም የወንድም ልጅ ነኝና ቦታዬ ጓሮ ነበር፤ አሳማና ታሮ የምንለው ሥራ ሥር በጋለ ድንጋይ ከሚበስልበት ጉድጓድ ዳር። ሌላ ቦታ ፕሮፌሰር ብባልም እርስዎ ዘንድ ያው የወንድምዎ ልጅ ነኝ። ጭሱ ሰበብ ሆነልኝና እንደ ልቤ አለቀስኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ነጭ የደም ሴል የራሱን ከባዕድ እንዴት እንደሚለይ በማጥናት ነው። የጤነኛ ሰው መቅኔ ለታማሚ ሲሰጥ፣ አዲሶቹ ሴሎች ካንሰሩን አጥፍተው ሰውየውን እንዲምሩት ምን ይደረግ? ሥራዬ ይሄ ነው። እርስዎ ግን እዚህ በስደት በምንኖርበት በኦታሁሁ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «የደም ዳኛችን» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። በሀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር!

ከዚያ የደም ካንሰር የኛኑ ቤት አንኳኳ። ወንድሜ ሴሚሲ ታመመ፤ መድኃኒቱ ጥቂት አስታገሠለትና በሽታው ተመልሶ ተነሣበት። የሚገጥም መቅኔ ካልተገኘ እንደማይተርፍ ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ማወቄ ምንም አልረዳኝም። እህትና ወንድም ሁላችንም ተመረመርን፤ አንዳችንም አልገጠምንም። ከለጋሾች መዝገብ ውስጥ ደግሞ የኛ ዘር፣ የቶንጋ ሰው ከየት ይመጣል?

እርስዎ ቢሮዬ ድረስ የመጡት ያን ሰሞን ነው።

«ፌሌቲን መርምሪው» አሉኝ፣ ሳይቀመጡ።

«አክስቴ፣ ፌሌቲ እኮ ልጅዎ ነው፤ የአክስት ልጅ አይገጥምም ማለት ይቻላል። በከንቱ ተስፋ አናድርግ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ‹አይሆንም› ማለት ብቻ ነው የያዝሽው? መርምሪው አልኩሽ!»

ለማንም ቤተሰብ እንደማደርገው፣ ከእናትና ከአባት ምን እንደሚወረስ በትዕግሥት አስረዳሁዎት። ከዚያ ተቀመጡና ቦርሳዎን ጭንዎ ላይ አቀፉ።

«እናትሽ ናት የወለደችው» አሉኝ። «እኔ መውለድ እምቢ ሲለኝ ወንድሜን ጠየቅኩት። በኛ እህት ጠይቃ እምቢ አይባልም። በአራስነቱ አቅፌው ሄድኩ፤ አንቺ ገና አፍሽን አልፈታሽም ነበር። ፌሌቲ አያውቅም። እናትሽም አፏን ዘግታ ምስጢሬን ትጠብቅልኛለች፤ የሰጠችውን መልሳ አትጠይቅ ነገር።»

«አንነግረውም፤ እንዳጋጣሚ ገጠመ እንለዋለን» አልኩዎት።

«ዋሽቼ ማሳደጌ አንሶ፣ ዋሽቼ በመርፌ ላስወጋው? እነግረዋለሁ። ወደ እናትሽ ከሄደም… ይሂድ።»

ድምፅዎ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እርስዎም ነገሩት። ፌሌቲ ልብሱን ይዞ እናቴ ቤት ገባ፤ ስልክዎንም አላነሳ አለ። ለምርመራው ግን መጣ። ሙሉ በሙሉ ገጠመ! ውጤቱን ሳይ በደስታ ጮህኩ፤ ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝና አፌን ያዝኩ።

መቅኔውን በሚሰጥበት ዕለት እርስዎ «ካልጠራኝ አልገባም» ብለው ሆስፒታሉ ግቢ፣ መኪናዎ ውስጥ ቀሩ። የሚወደውን በኮኮናት የበሰለ የታሮ ቅጠል ጭንዎ ላይ ይዘው ነበር። እናቴ ግን ከአልጋው አጠገብ ነበረች።

ነርሷ «ሊያደነዝዙህ ነው፤ እናትህ ትቅረብ?» አለችው።

እናቴ ተነሣች። ፌሌቲ እጇን ያዘና ቀስ ብሎ «አይዞሽ አክስቴ፣ ተቀመጪ» አላት። ወደኔ ዞረና «ሌሲዬሊ፣ እናቴ መኪና ውስጥ ናት። ጥሪልኝ» አለ።

እናቴ ተቀመጠች። ያን ሰዓት ለማን እንደማዝን አላወቅሁም። እርስዎን ግን እንደዚያ ሲሮጡ አይቼዎት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራችን የመጀመሪያው ጥያቄ ተቀይሯል። ከኛ ደሴቶች የመጡ ቤተሰቦችን «ስንት ወንድምና እህት አላችሁ?» ብለን አናልፍም። በር ዘግተን፣ ወንበር ሰጥተን፣ የትኛው ልጅ ለማን ለማሳደግ እንደተሰጠ በክብር እንጠይቃለን። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በሕይወት ሳሉ አላመሰገንኩዎትም።

በቀብርዎ ዕለት ሴሚሲም ጓሮ ነበር፤ ድኖ እንጨት ይሸከማል። ፌሌቲ ከውስጥ ወጥቶ እጁን ይዞ ወደ አስከሬንዎ መራው። አንዷ አሮጊት «የወንድም ልጅ ወዴት ነው የሚገባው?» ብለው ተቆጡ።

«እማማ፣ እሱ ውስጥ የሚዞረው ደም የኔ ነው» አላቸው ፌሌቲ። «የኔ ከሆነ ደግሞ የእናቴ ነው።»

አሮጊቷ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ፤ ሁለቱ ልጆችዎ ከራስጌዎ ተቀመጡ። እኔም ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ። እንግዳው ብዙ ነበር፤ ምግቡ ግን አላነሰም። አላሳፈርንዎትም፣ አክስቴ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሌሲዬሊ