ያለ በርበሬ ስምንት ቀን

ሰኞ

በርበሬ ክልክል። ሚጥሚጣ ክልክል። ቡና ክልክል። ጮማ ክልክል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ዝርዝሩን ሲያነብልኝ የታመምኩ ሳይሆን የተፈረደብኝ መሰለኝ። ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም። «እናቴ፣ ጨጓራዎ ቆስሏል፤ ሁለት ሳምንት በርበሬ የሚባል አፍዎ እንዳይደርስ» አለኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ ማለቱ ከበርበሬው እኩል አናደደኝ።

ደብተር ገዝቼ የምበላውን በየቀኑ እንድጽፍም አዘዘኝ፤ የዛሬ ሳምንት ያየዋል። ገዛሁ። በፊት በኩል ለእሱ እጽፋለሁ፣ በጀርባ በኩል ለራሴ። ይህ ጀርባው ነው።

የፊቱ ገጽ፦ ቁርስ ገንፎ፣ ነጩን። ምሳ የተቀቀለ ድንች። እራት የተቀቀለ ድንች።

ድንቹንስ እችለዋለሁ። ጭንቀቴ እሁድ ነው። እሁድ የሐያት አማቾች ይመጣሉ። ሐያት አንድ ልጄ ናት፣ ደሴ ታስተምራለች። ሽማግሌ መጥቶ እሺ ብለናል፤ አሁን የልጁ እናትና አባት ከውጫሌ መጥተው እኛ ቤት ምሳ ይበሉና የኒካሁን ቀን ይቆርጣሉ። እናትየው እትዬ ሰዓዳ ይባላሉ። አምባሰል ውስጥ እንደ እሳቸው ድልህ የሚሠራ የለም ይባላል፤ እርጥቡን ቀይ በርበሬ ፈጭተው፣ ቀምመው ሲያስቀምጡት መንደሩ ሁሉ ያስነጥሳል አሉ። እንዲህ ያለች ሴት ፊት አልጫ ይዤ ብቀርብ፣ ታማሚ ናችሁ ወይስ አራስ ማለቴ ነው። የሐያትን ሙያ የሚመዝኑትም በእኔ ወጥ ነው። የሐያትን በራሷ እጅ እንዳይመዝኑት አላህ ይጠብቀን፤ እንቁላል ላይ ማዮኔዝ የምታፈስ ልጅ ናት።

ማክሰኞ

አጠፋሁ። በርበሬ ዕቃዬን ልከድን ብዬ ከፍቼ፣ ጣቴን ነክሬ ላስኩ። ሁለት ጊዜ።

ማቃጠሉስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ ጣዕሙን አለማግኘቴ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ የለም፣ ኮረሪማው የለም፣ በሶብላው የለም። እሳት ብቻ። ኪኒኑ አፌን ብረት ብረት አድርጎታል። ከዚያ ሆዴን ይዤ አልጋ ላይ ተጠቅልዬ ዋልኩ።

ስለዚህ ተደብቄ ብቀምስም አይጠቅመኝም። የእሁዱን ወጥ በማን አፍ ልሠራው ነው?

የፊቱ ገጽ፦ ድንች። ባለቤቴ ሰይድ ከሐይቁ ቆሮሶ አምጥቶልኝ በጨው ብቻ ቀቅዬ በላሁ። ዓሣው አሳዘነኝ።

ረቡዕ

ብርቄን ጠራኋት። ጎረቤቴ ናት፣ ከእሷ የተሻለ ምላስ በሰፈሩ የለም። ግን ክርስቲያን ናት። ሁሉ ነገራችን አንድ ነው፤ ሥጋችን ብቻ ሁለት ነው። እኛ ያረድነውን እሷ አትበላም፣ እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም። ሥጋው ሳይገባ ቁሌቱን ቅመሽልኝ አልኳት። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ፣ ቅቤ አለበት አለች። ነገስ? ነገ እቀምሳለሁ፣ ግን ቁሌት ቀምሶ ስለ ወጥ መናገር አይቻልም፣ ሥጋው ሲገባ ሌላ ነው አለች። እውነቷን ነው።

ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ አሸተተች። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣ ቅቤው ደህና ነው፣ በርበሬውን ግን አፍንጫዬ አይለካውም አለችኝ። አመስግኜ ሸኘኋት።

ሐሙስ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያበላሁት አፍ እዚሁ ቤት እያለ ምን አስጨነቀኝ አልኩ። ሰይድ ዋናው መንገድ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ሦስት ሳህን ቀይ ወጥ አቀረብኩለት።

አንደኛው፦ ልከኛው። «ጥሩ ነው።»

ሁለተኛው፦ ሆን ብዬ ጨው የነሣሁት። «ጥሩ ነው።»

ሦስተኛው፦ በርበሬውን ሦስት እጥፍ ያደረግሁት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ አንድ ጆግ ውኃ ጨረሰ። «ጥሩ ነው» አለ። ምን ሆንክ ስለው ጉንፋን ይዞኛል አለኝ።

ይህ አፍ አይደለም፣ ግድግዳ ነው። ለራሴ የሠራሁት የበግ አልጫም ጎድሎ አገኘሁት። ድመት ይሆናል ብዬ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩ።

ዓርብ

ድንጋዩ መሬት ላይ፣ በሥርዓት፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል። ድመት እንዲህ አያስቀምጥም።

ከጁምዓ መልስ ነው የያዝኩት። ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ ቆሞ፣ የአልጫዬን ድስት በዳቦ ይጠርጋል። ጢሙ በእርድ ቢጫ ሆኗል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከሰኞ፣ ከድንችሽ ጀምሮ» አለ። ዳቦውን አስቀመጠና፣ «እውነቱን ከፈለግሽ ከልጅነቴ ጀምሮ በርበሬ አልወድም» አለ።

ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠና ነገረኝ። የተጋባን ሰሞን ድልህ አቅርቤለት፣ እናቱ አጠገቡ ሆነው፣ እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቆሜ አፉን አፉን አየው ነበር። አሳዘንሽኝና ጥሩ ነው አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ቃሌን መመለስ አፈርኩ አለ።

ውኃ የሚወድ ሰው ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬያለሁ። ጮማውን እየመረጠ ሲያጎርሰኝ ፍቅር ነው እል ነበር። ለካ ስብም አይወድም።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዋሸኸኝ።»

«አልዋሸሁም» አለ። «በላሁ።»

እስኪመሽ አላናገርኩትም። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ትወዳለህ ብዬ እንዳልጠየቅሁት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ማፈሩ ከጨጓራው ባሰ።

ቅዳሜ

ሳልጠራው ሱቁን ዘግቶ መጣ። በርጩማ ስቦ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና «ስጪኝ፣ ለሐያት ነው» አለ። አሁን ደግሞ እውነቱን እናገራለሁ አለ።

ተናገረም። ጨው ይቀረዋል። ሽንኩርቱ ገና ይጣፍጣል፣ ይብሰል። አብሹ በዝቷል። ታችኛው ሊያር ነው። ሱብሃነላህ፣ ከእኔ የተሻለ ምላስ አለው! ሲሰቃይ ሲሰቃይ ምላሱ ተምሯል። በበርበሬው ላይ ብቻ አይታመንም፤ ለእሱ ሁሉም በዝቷል።

መላውን የዘየደችው ብርቄ ናት፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታየን ቆይታ። «አፉን ተዪው፣ ላቡን እዪ» አለችኝ። «ግንባሩ ላይ ሲሆን ለእኛ ለሐይቅ ከተማ ሰው ልክ ነው። ወደ አንገቱ ሲወርድ ለአምባሰል።»

አንደኛው ቅምሻ፦ ምንም። ሁለተኛው፦ ከአፍንጫው በላይ ትንሽ ርጥበት። በርበሬ ጨመርኩ። ሦስተኛው፦ ግንባር። አሁንም ጨመርኩ። አራተኛው፦ ጆሮ ግንዱን አልፎ አንገቱ ላይ ወረደ። ድስቱን አወረድኩ። ሰይድ በር ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። ወላሂ፣ እንደዛሬ ወድጄው አላውቅም።

ሐያት ማታ ከደሴ ገባች። ድስቱን ከፍታ አየችና አባባ ለምን ቀላ አለችኝ። ወጥ ሲሠራ ዋለ አልኳት።

እሁድ

መጡ። እትዬ ሰዓዳ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ሁሴን ተጫዋች ናቸው። ሁለት ወጥ ቀረበ፤ ቀዩ መሃል፣ የእኔ አልጫ ጥግ ላይ።

እትዬ ሰዓዳ ሦስት ጉርሻ በሉና ቆም ብለው ወጡን ተመለከቱት። በዚህ መሃል ጋሽ ሁሴን ሰይድን ማጉረስ ጀመሩ። ጉርሻቸው ጭብጥ ያክላል፣ በቀይ ወጥ የራሰ። የአማች ጉርሻ እምቢ አይባል። አንዱን ዋጠ። ሁለተኛውን ዋጠ። ላቡ አንገቱን አልፎ የሸሚዙን ኮሌታ አራሰው። ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ ሰይድ እኔን አየኝ። ዝም ብል ስሜ ይተርፋል። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ይተዉት። በርበሬ አይችልም» አልኩ። «የእኔን ወጥ ወዶ በልቶ አያውቅም።»

ሐያት መሬት መሬት አየች። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጄንም ራሴንም አዋረድኩ ብዬ ቀረሁ።

እትዬ ሰዓዳ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ። «አንቺም ታመሻል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «ታዲያ ይህን ማን ቀመሰልሽ?»

«እሱ።»

ሰይድን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህን እሳት?»

«አራት ጊዜ» አለ ሰይድ፣ ላቡን እየጠረገ። «ለልጄ ብዬ።»

ሳቁ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ አልጫውን በገዛ እጃቸው ወደ ሰይድ አስጠጉለትና፣ ልጄ እንዲህ ያለ አማት ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል፣ ቀኑን እንቁረጥ አሉ። ከረመዳን በፊት ባለው ወር ሆነ። አልሐምዱሊላህ።

ሲሸኙ እትዬ ሰዓዳ በሩ ላይ ጆሮዬ ሥር ቀረብ ብለው «ወጡ ግሩም ነው፤ በርበሬ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል» አሉኝ።

ይቀረዋል! ላቡን ጀርባው ድረስ ማውረድ ነበረብኝ።

ሰኞ

ሐኪሙ የፊቱን ገጽ አይቶ አመሰገነኝ። ከዚያ ደብተሩን ገለበጠው። ከእጁ ልነጥቀው ስል ማክሰኞን እያነበበ ነበር። «ሁለት ጊዜ ልሰዋል» አለና አንድ ሳምንት ጨመረብኝ። ጢምህ አልሞላም ያልኩትን እንዳነበበው ግን ገባኝ፤ አገጩን ሲዳብስ ነበር።

ጠዋት ሰይድ ሊወጣ ሲል ዛሬ ምን ልሥራልህ ብዬ ጠየቅሁት። አንድ ጫማውን አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ያገኘሽውን አለኝ። አይሆንም፣ ንገረኝ አልኩት። አላውቅም፣ ላስብበት ብሎ ሄደ።

አራት ሰዓት ላይ ከሱቅ ደወለ። ቅቅል፣ ቀይ ሥጋ ብቻ፣ ስብ የሌለው። ተነሥቼ ሥጋውን ገዛሁ። እንደገና ደወለ፤ ቅቅሉ ይቅርና ጥብስ፣ ሽንኩርቱ ያልበዛበት፣ ቃሪያም የሌለበት። እሺ ብዬ መክተፍ ጀመርኩ። ሦስተኛ ደወለ፤ ልጅ ሆኖ አክስቱ ሩዝ በወተት ትሠራለት ነበር፣ እሱን ትችያለሽ ወይ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደንበኛ እንዳይሰማው መሰለኝ። ወተቱን ጥጄ ነው ይህን የምጽፈው።

አሁንም ስልኩ እየጠራ ነው። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ በአንድ ቀን አያልቅም። ላንሣው።